አባባ የሞተ ውሻውን ይጠራል፤ አዲስ ውሻ ላምጣለት?

የአናጺው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አባቴ 79 ዓመቱ ነው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዳለበት ከተነገረን ሦስት ዓመት አልፏል። ዕድሜውን ሙሉ አናጺ ነበር። አሁን መዶሻውንም መጋዙንም ከአጠገቡ አርቀናል። እጁ ግን አላረፈም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲዳብስ ይውላል። የወንበሩን እግር ይነቀንቅና "ይሄ ላልቷል" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ላልቷል።

ችግሬ ምሽት ላይ ነው። መሸትሸት ሲል ይነሳል፣ በሩን ከፍቶ ይቆማል። "ቡቺ አልገባም" ይላል። ቡቺ በልጅነቱ የነበረው ውሻ ነው። እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው፣ በስም ብቻ ነው የማውቀው። "ቡቺ! ቡቺ!" እያለ ይጠራል፣ ያፏጫል። መልስ ሲያጣ ሊፈልገው ይወጣል። ባለፈው ሳምንት በካልሲ ብቻ መንገድ ላይ ደረስኩበት።

መጀመሪያ ላይ እውነቱን እነግረው ነበር። "አባባ፣ ቡቺ እኮ ከሞተ ስንት ዘመኑ" ስለው ፊቱ ጭልም ይላል። "መቼ? ምን ነካው? ለምን አልነገራችሁኝም?" ይልና ያለቅሳል። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ። በአራት ቀን አራት ጊዜ መርዶ ነገርኩት። ከዚያ ተውኩት።

ታላቅ ወንድሜ ሌላ ከተማ ነው ያለው። "ቡችላ ግዢለት፣ እንስሳ ለእንደዚህ ዓይነቱ ህመም መድኃኒት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ" እያለ በስልክ ያደርቀኛል። ገንዘቡንም እኔ እልካለሁ ብሏል። ገንዘብ መላክማ ቀላል ነው። (ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው።) እኔ ቀን ቀን ሥራ ነኝ። ከአባባ ጋር የምትውለው አክስቴ ናት፣ እሷ ደግሞ ውሻ ስታይ ወንበር ላይ ነው የምትወጣው።

የሞከራችሁ አላችሁ? ውሻው አባባን ያረጋጋዋል? ወይስ ከአባባ ሌላ ቡችላም አሳዳጊ ሆኜ ልቀር ነው?

ማስረጃ የት አለ

አጭር መልስ፦ "መድኃኒት ነው" የሚለው ትክክል አይደለም።

ኮክሬን የሚባለው የጥናት ግምገማ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ጉዳይ የተሠሩ 9 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። ሁሉም ተደምረው 305 ሰዎች ናቸው። የተገኘው ነገር የድባቴ ምልክትን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው፤ እሱም በደካማ ማስረጃ። መቆጣትን፣ መንቀዥቀዥን፣ የኑሮ ደስታን በተመለከተ ግልጽ ለውጥ አልታየም። የማስታወስ ችሎታን ይመልሳል የሚል ካጋጠመሽ ዝጊና እለፊ።

ወንድምሽ ገንዘቡን ከላከ ማታ ማታ የሚያግዝሽ ሰው ቅጠሪበት። እኔ የምለው ይሄን ነው።

የሎሚ እናት

እህቴ፣ ከላይ የጻፈው ወንድማችን ደረቅ ይበል እንጂ አልተሳሳተም። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም።

አሥራ አንድ ዓመት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ አራት ዓመት ሎሚ የምትባለውን ውሻዬን ይዤ በሳምንት አንድ ቀን እዚያው እመላለስ ነበር። ሎሚ ያልኳት በቀለሟ ነው። ጠባይዋማ ማር ነበር።

መጀመሪያ ስለ ቡችላው። ተይው። ቡችላ ሌሊት ያለቅሳል፣ ያገኘውን ያኝካል፣ ጥርሱ መርፌ ነው። የሰው ቆዳ ደግሞ ሲያረጅ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አንዲት ጭረት ፎጣ ሙሉ ደም ናት። ከሁሉ የሚብሰው ግን እግር ስር መግባቱ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ግምት፣ በዚያ አገር በውሻና በድመት ሰበብ ወድቀው ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡ ሰዎች በዓመት ከ86 ሺህ ይበልጣሉ። አብዛኛውን የሚጥለው ውሻ ነው። በ79 ዓመት ዳሌ ተሰብሮ ምን እንደሚከተል እኔ አልነግርሽም። ውሻ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። አባትሽ ነገ የባሰ እንክብካቤ ቢያስፈልጋቸው ውሻው የማን ነው? መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛ፣ አባትሽ የሚፈልጉት ውሻ ላይሆን ይችላል።

ይሄ ምሽት ላይ የሚመጣ መቁነጥነጥ የታወቀ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ጥላው ይረዝማል፣ ያወቁት ቤት ባዕድ ይሆንባቸዋል። ሰውነትም ደክሟል። ሽንታቸው መጥቶ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ወይም ርቧቸው ሊሆን ይችላል፤ በቃላቸው የሚወጣው ግን "ቡቺ አልገባም" ነው። መጀመሪያ እነዚህን አጣሪ። ሳይመሽ በፊት መብራቱን ሁሉ አብሪ፣ መጋረጃውን ዝጊ። መርዶውን መተውሽ ደግ አድርገሻል። "ቡቺ ምን ዓይነት ውሻ ነበር? ማን ነበር የሚያስገባው?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ምናልባት በልጅነታቸው ማታ ማታ ውሻውን ማስገባት የእሳቸው ሥራ ነበር። ከሆነ ደግሞ እየፈለጉ ያሉት ሥራቸውን ነው።

አሁን ወደ ሎሚ ልምጣ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም፣ አሳፋሪ ስለነበር። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። እኔ እንደ ሙሽራ ሎሚን እየመራሁ ገባሁ። አንዷ እናት "አውጡልኝ!" ብለው ጮኹ። አንድ አባት በከዘራቸው ሊመቷት ቃጡ። ሌላው ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ሊያበሏት ሞከሩ። ሎሚ እግሬ መሀል ገብታ ተንቀጠቀጠች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወጣን።

ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ጥግ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ። ከጎን አልመጣም፣ ፊት ለፊት ነው ቀስ ብዬ የምቀርበው፤ በዕይታ ጠርዝ በኩል ድንገት ዘው የሚል ነገር ያስደነግጣቸዋል። ውሻዋ ከወንበሩ ጎን ትቀመጣለች እንጂ ጭን ላይ አትወጣም። ጥፍሯ ሁልጊዜ የተቆረጠ። "ውሻ ይወዳሉ?" ብዬም አልጠይቅም፤ ጥያቄ ፈተና ነው የሚሆንባቸው። ብሩሹን እሰጣቸውና "ጎኗ ላይ ጸጉሯ ተያይዟል" እላለሁ። በቃ።

አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ይነቅሳሉ። ክሩን እየመዘዙ፣ እየመዘዙ ጠርዙን ጨርሰውታል። እጃቸውን ብንይዝ ይቆጣሉ። አንድ ቀን ሎሚ ጭጎጎት ይዛ መጣች፤ ጆሮዋ ሥር እስከ አንገቷ ድረስ ተጣብቆባታል። እሳቸው አጠገብ አስቀመጥኳት። ጣታቸው ብርድ ልብሱን ለቀቀ። ጸጉሯ ውስጥ ገባ። ያችኑ ንቀሳ ነው የቀጠሉት፤ አሁን ግን የሚነቀል ነገር አለ። አንድ ነቀሉ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሌላም ነቀሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሃያ ሦስት ቆጥሬያለሁ። ሲጨርሱ "እናቷ የት ሄዳ ነው እንዲህ የምትሆነው?" አሉ። እኔን መሆኑ ነው። ተሰድቤ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሎሚን ጨርሶ አላስታወሷትም። ብርድ ልብሱም ተመልሷል። ግን ያን ዕለት ማታ ልብስ ሲቀየርላቸው አልታገሉም። የማታዋ ነርስ ናት የነገረችኝ፤ ውሻ መምጣቷን አታውቅም ነበር፣ "ዛሬ ምን ሰጣችኋቸው?" ነው ያለችው።

እንዲህ ያለው ነገር በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 አይዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልዛይመር ያለባቸውን ሰዎች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁራጮች አሳይተዋቸው ነበር። ትንሽ ቆይተው ሲጠየቁ ያዩትን ነገር ብዙዎቹ ረስተውታል። ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ቆይቶ ነበር። ስለዚህ "ነገ ለሚረሳው ምን ያደርግለታል?" ለሚሉሽ መልሱ ይሄ ነው። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ያስደነገጣቸውን ነገር ቢረሱትም ድንጋጤው ይቀራል። የመጀመሪያው ቀኔ ያን ምሽት ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ለማሰብ እንኳ አልፈልግም።

ስለዚህ ውሻ አትግዢ፣ ተዋሺ። የሚታወቅ፣ ያረጀ፣ ዘገምተኛ ውሻ ያለው ጎረቤት ወይም ዘመድ አይጠፋም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያላለፈበት፣ የትላትል መድኃኒት የወሰደ ይሁን። ባለቤቱ አብሮ ይምጣ። ከመሸ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ ይምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ አትርሺ። ወለል ላይ የወደቀ ክኒን ካለ አስቀድመሽ ልቀሚ፤ ውሻ ከሰው ፈጥኖ ያገኘዋል።

ደግሞ ውሻውንም እዪው። ሳይተኛ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ጅራቱን እግሩ መሀል ከከተተ በቅቶታል ማለት ነው። ሎሚ ከሦስተኛው ሰው በኋላ ሁልጊዜ ታዛጋለች። ስታዛጋ እንሄዳለን። አራተኛው ሰው እየጠበቀ ቢሆንም እንሄዳለን።

ባትሪ ቀያሪው

ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ሎሚ የለችውም። የኛን ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ።

እናቴ ድመት ትወዳለች። እኔ ድመት ባለበት ቤት መተንፈስ አልችልም፣ አስም አለብኝ። ስለዚህ ሮቦት ድመት ገዛሁላት። ስትደባብሻት ታንኮራፋለች፣ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ሆዷን ገልብጣ ትተኛለች። እንደዚህ ዓይነት ነገር አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ታካኖሪ ሺባታ አቆስጣ በሚባለው የባሕር እንስሳ ግልገል አምሳል ፓሮ የሚባለውን ሮቦት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ሕክምና መሣሪያ ተመዝግቧል። ለምን አቆስጣ መረጠ ቢባል፣ አቆስጣ ቤቱ ያሳደገ ሰው ስለሌለ ነው። ውሻ ቢያደርገው ሁሉም ከእውነተኛው ውሻ ጋር ያወዳድረው ነበር። የኛዋ ግን ተራ ናት፣ በባትሪ የምትሠራ።

እናቴ ወደደቻት። ጭኗ ላይ አድርጋት ትውላለች። ምሽት ላይ "ልሂድ፣ ቤቴ ልሂድ" የምትለው ነገር ድመቷ ጭኗ ላይ ካለች ይቀንሳል። አይጠፋም፣ ይቀንሳል።

አንድ ሌሊት ባትሪው አለቀ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በእናቴ ለቅሶ ነው የነቃሁት። ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛታለች። "አትተነፍስም" ትለኛለች። ምን ልበላት? "ባትሪ ነው" ልበላት? "ሐኪም ጋ ልውሰዳት" አልኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጠመንጃ መፍቻ አጣሁ። በቢላ ጫፍ ከፈትኳት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ባትሪ ስቀይር ራሴን መስታወት ውስጥ አየሁት፤ ፒጃማ የለበሰ የድመት ቀዶ ሐኪም። አሁን በየሁለት ሳምንቱ እሁድ፣ እሷ ስትተኛ፣ ሳያልቅም እቀይረዋለሁ።

እህቴ "እናታችንን እያታለልክ ነው" ብላ ተጣልታኛለች። እኔ "ድመት ናት" ብያት አላውቅም። "እማዬ፣ ይቺን ያዢልኝ" ነው ያልኳት። ከዚያ በላይ ያለው የእሷ ነው። ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ አላውቅም። እንቅልፍ ግን እያገኘን ነው።

ማስረጃ የት አለ

የባትሪውን ታሪክ ሳነብ መሳቄን አምናለሁ።

"የሎሚ እናት"፣ ያነሱት የአስተማሪዋ ነገር ደስ ይላል፤ ግን ውሻዋ ነች ወይስ አጠገባቸው ተቀምጦ ሃያ ሦስት ጭጎጎት የቆጠረው ሰው? ቢል ቶማስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሁለት ውሻ፣ አራት ድመትና መቶ ወፍ አስገብቶ ነበር። ወፎቹ ደርሰው የሚቀመጡባቸው ሽቦ ቤቶች ገና አልደረሱም ነበር አሉ። ነዋሪዎቹ የሚታዘዝላቸው መድኃኒት ቀነሰ ተብሎ ብዙ ተወራለት። ግን አብሮ ተክልም፣ የአትክልት ቦታም፣ ልጆችም ነበሩ። የቱ እንደሠራ በምን ይታወቃል?

የሎሚ እናት

አይታወቅም ወንድሜ። እኔም ነኝ፣ ውሻዋም ናት። ግን ያለ ሎሚ እኔ አጠገባቸው ሃያ ደቂቃ የምቀመጥበት ሰበብ አልነበረኝም። ነርስ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን ሃያ ደቂቃ አንድ ሰው ጋ ብቀመጥ አለቃዬ "ሥራ የለሽም?" ትለኝ ነበር። ውሻ ይዤ ስቀመጥ ግን ሥራ ላይ ነኝ።

ይሄ ነገር ራሱ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል አሜሪካዊ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ጂንግልስ የሚባል ውሻ ነበረው። አንድ ልጅ ከቀጠሮው ቀድሞ ሲመጣ ውሻው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ለሰው አልቀረብ ያለው ልጅ ውሻውን አቀፈው። ሌቪንሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ሲያቀርብ ባልደረቦቹ ሳቁበት። ደግሞ ውሻው ብቻውን አዳነው አላለም። የሕክምና አጋዥ ነው ያለው።

ዝምተኛው

እኔ የምጽፈው ትንሽ ነው።

ባለቤቴ ማዕድ ላይ አትቀመጥም ነበር። ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትነሳለች፣ ትዞራለች። ክብደቷ በየወሩ ይቀንሳል። የዓሣ ገንዳ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥን። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ናንሲ ኤድዋርድስና አለን ቤክ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት አልዛይመር ያለባቸው 62 ሰዎች ዘንድ ይህንኑ ሞክረው የሚበሉት መጠን 21 በመቶ ያህል ጨምሯል። እኔ በመቶ አላውቅም። አሁን ስታያቸው ትቀመጣለች፣ ስትቀመጥ ትበላለች።

ገንዳው ከባድ ይሁን፣ ክዳኑ ይቆለፍ። አንድ ቀን ሳሙና ጨምራላቸው ነበር። ቆሸሹ ብላ ነው። ስድስቱም ሞቱ። እሷ በማግስቱ ረስታው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልረሳሁት።

የአናጺው ልጅ

ሦስት ሳምንት ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ "የሎሚ እናት" ያሉትን ጠየቅኩት። "አባባ፣ ቡቺን ማን ነበር የሚያስገባው?" ስለው እንደ ሞኝ አየኝ። "እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ? ካልገባ አባቴ በሩን አይዘጋም፣ በሩ ካልተዘጋ ማንም አይተኛም" አለኝ። ይህችን በ79 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት። በሦስት ዓመት ውስጥ ካወራኝ ሁሉ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ታች ያሉት ጎረቤታችን ሻምበል የሚባል ውሻ አላቸው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ጎረቤታችን እሺ አሉኝ። አሥር ሰዓት ላይ አመጧቸው... ማለቴ አመጡት። (ሻምበልን አንቱ ማለት ይቀናኛል፣ ምክንያቱ ስሙ ነው።) አክስቴ ጓዳ ገብታ ቆለፈች።

እኔ ልቤ ውስጥ አባባ "ቡቺ!" ብሎ እንዲያቅፈው ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ስልኬን ለቪዲዮ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለወንድሜ ልልክለት።

አባባ አየው። ቆየ። "ይሄ ቡቺ አይደለም" አለ።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ጎረቤታችን ሊሄዱ ተነሱ። አባባ ግን ጎንበስ ብሎ የሻምበልን የፊት እግር አነሳ። ገልብጦ መዳፉን አየ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው፤ ልክ ጣውላ ተልጎ ሲያልቅ ስንጥር ቀርቶ እንደሆነ እንደሚያየው አድርጎ። ከጣት ጣት፣ መሀል መሀሉን። አራቱንም እግር አየ። ሻምበል ዝም ብሎ ተኛለት። ሲጨርስ "እሾህ የለውም" ብሎ ለጎረቤታችን ነገራቸው። እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ፣ እጅግ አክብረው። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ማንም አልተናገረም።

ሲሄዱ "በጊዜ አስገባው፣ እንዳይመሽበት" አላቸው።

ያን ማታ በር ላይ ቆመ ወይ? ቆመ። "ያ ወፍራሙ ውሻ ገብቷል?" አለኝ። "ገብቷል አባባ፣ ታች ቤት ነው" አልኩት። መስኮቱን ከፍቼ ሻምበል ሲጮኽ አሰማሁት። በሩን ራሱ ዘጋ። ቁልፉን ሁለቴ አዞረ። ተቀመጠ።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። ሁሌ እንዲህ አይደለም። ባለፈው ዓርብ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፣ ሻምበልም ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ሄደ። ሌላ ቀን ደግሞ ቡቺን ፈልጎ አመሸ፣ መስኮቱም አልሠራም። መርዶ ግን አልነገርኩትም፣ መንገድ ላይም አልወጣም። አክስቴ በሦስተኛው ሳምንት የጓዳውን በር ገርበብ አድርጋ ማየት ጀምራለች። ወንድሜ ደግሞ ገንዘቡን ላከ፤ ለቡችላው ሳይሆን "ማስረጃ የት አለ" እንዳልከው ሁለት ማታ ለምታግዘኝ ልጅ አዋልኩት። አልነገርኩትም ገና።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ብሩሽ ገዝቼ ነበር፣ የሽቦ ጥርስ ያለው። አባባ ሻምበልን ሲያበጥረው እጁ ላይ ያለውን ቆዳ ቧጨረው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል። ሌላ ምን ዓይነት አለ?

የሎሚ እናት

የሽቦውን ዛሬውኑ ጣይው። ጓንት የሚመስል፣ መዳፉ ላይ የላስቲክ እንቡጥ ያለበት አለ። ጣታቸውን ያስገቡታል፣ የሚያፈተልክ እጀታ የለውም፣ የዳሰሱትም ይሰማቸዋል። ለአናጺ እሱ ነው የሚሻለው።

ጭረቱን በውሃና በሳሙና እጠቢው። ቀልቶ ካበጠ ወይም መድማቱ አልቆም ካለ ሐኪም ያየው። ሻምበልን ሰላም በይልኝ።